የጋሼ እጆች በስክሪኑ ላይ

ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቤታችን አፈ ጉባኤ፤

እንደምን ከረምክ? አንተ ያለህበት ብርዱ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ፈጣሪ ልብስህን ወፍራም፣ ቤትህን ሙቅ ያድርግልህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትህም ደህና ናቸው። ይህን የኢሜይል ደብዳቤ እንደ ሁልጊዜው በወረቀት አትሜ ስለማሳያቸው፣ እያሞገስኳቸው ብጽፍ አትገረም።

አሁን ወሬውን ስማ። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ትምህርት በቪዲዮ ሊያዘጋጅ ፈልጎ ቀረጻውንም ኤዲቲንጉንም ለእኔ ሰጠኝ። «አስተማሪውን ግን ከየት እናምጣ?» ብለው ሲጨነቁ ሳቄ መጣ። አናጢ የሆነ፣ መስማት የማይችል፣ በዚያ ላይ ማስረዳት የሚወድ ሰው እኛው ጓሮ አይደለም እንዴ ያለው? አባታችንን፣ ጋሼን፣ ወስጄ አስተዋወቅኳቸው። ርዕሰ መምህሯ በምልክት ሰላም ስትላቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የመለሱላት ቀልድ እስካሁን ያስቃታል፤ ምን እንዳሏት ግን አልነግርሽም ብላኛለች።

ካለፈው ጥር ጀምሮ ስንቀርጽ ቆይተን ጨርሰናል ማለት ይቻላል። የቀረው የእኔ ሥራ ነው፤ እሱ ላይ ነው የተያዝኩት። አንተ የላክልኝ ያ ትልቁ ኮምፒውተር አርጅቷል መሰለኝ። የቀረጽኩትን አስተካክዬ፣ ቀለሙን አሳምሬ፣ እስቲ ልየው ብዬ ሳጫውተው ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይቆማል። የሠርግ ቪዲዮ ቢሆን ግድ የለኝም። ሙሽራዋ ብትዘልብኝ ድምፁን ሰምቼ መቁረጫዬን አገኛለሁ። የጋሼ ንግግር ግን እጃቸው ነው። ምስሉ በዘለለ ቁጥር አንድ ቃል ይጠፋብኛል። ትናንት «መጋዙን ወደ ራስህ አትሳብ» ያሉትን «ወደ ራስህ ሳብ» አድርጌ ልቆርጠው ነበር! የሰው ልጆች ጣት በእኔ ምክንያት ይቆረጥ?

ስለዚህ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ላክልኝ። የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ መፍትሔው እሱ ነው ይላሉ። ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ እንድታየው ስክሪኑን በስልኬ ቀርጬ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። መስመራችን ደካማ ሆኖ አንተና አባትህ በቪዲዮ ማውራት አቃታችሁ፤ እዚያ ምስላቸው ይቆራረጣል፣ እዚህም ይቆራረጣል። እኝህን ሰውዬ ቴክኖሎጂ ጠምዷቸዋል።

«መቼ ነው የሚመጣው?» ብለውሃል። እኔ አይደለሁም የጠየቅኩት፤ እሳቸው ናቸው።

እህትህ


ኅዳር 20 ቀን

ወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጠፋህ። ደብዳቤዬ አልደረሰህ ይሆን ብዬ ይህችን አጭር ጨመርኩ። አባትህ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉልሃል፤ ጠበቃህ ናቸው፣ ደመወዝ ባትከፍላቸውም። ትምህርት ቤቱ ቪዲዮውን ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይፈልገዋል። ካርዱ ውድ ከሆነብህ ያገለገለም ይሁን፤ ብቻ ዝም አትበለኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ተቀየሚኝ፤ ግን ብዙ አትቀየሚኝ። ለአንቺም ለአባባም ጤናና ዕድሜ እየተመኘሁ ነው የምጽፈው። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። የስልኩንም ቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ደጋግሜ ነው ያየሁት።

አዲስ ካርድ አልልክልሽም። ቆይ፣ ወረቀቱን አትቅደጂው! ያንን ኮምፒውተር የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ አለ፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ብዬ እጠረጥራለሁ። አንድ ጊዜ ጥገና ቤት ገብቶ ነበር ብለሽኝ አልነበር? ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ሲጭኑት ካርዱን ረስተውት ይሆናል።

ነገሩን በአባባ ሥራ ቤት ልግለጽልሽ። ፕሮሰሰሩ ዋናው አናጢ ነው። ሁሉን ይችላል፣ ግን አንድ ሰው ነው። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ብዙ ረዳቶች ማለት ነው። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ጥቂት ነገር ቢሆንም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይልጋሉ። ቀለም ማስተካከል፣ ምስል ማሳነስና ማሳደግ፣ ምስል በምስል ላይ መደረብ ለእነሱ የሚሆን ሥራ ነው። አሁን የአንቺ ረዳቶች በር ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ዋናው አናጢ ጣውላውን ሁሉ ብቻውን ይልጋል። ምስሉ የሚቆመው እሱ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ዙሪና የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ እዪ። ከላይ፣ ከኪቦርዱና ከማውዙ ገመዶች አጠገብ ከሆነ ነቅለሽ ዝቅ ብሎ ለብቻው በተጋደመው ካርድ ላይ ሰኪው። ከዚያ ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ አዲሱን ድራይቨር አውርጂ፤ ካርዱንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባቸው እሱ ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራምሽን ክፈቺና የፕሮጀክቱ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ። ፕሪቪውን፣ ማለትም እየቆረጥሽ የምታዪውን ምስል፣ ማን ይሥራው የሚል ምርጫ አለ። «በሶፍትዌር ብቻ» ላይ ካገኘሽው ግራፊክስ ካርዱ ወዳለበት ምርጫ ቀይሪው። በጠቅላላው ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ የቪዲዮ ፋይሉን ሲፈታ ካርዱ እንዲያግዝ የሚፈቅድ ሌላ ቦታ አለ፤ እሱንም ምረጪ። የቆዩትን የፕሪቪው ፋይሎች አጥፊ፣ ፕሮግራሙን ዘግተሽ ክፈቺ። አሁንም ከከበደው የፕሪቪውን ጥራት ወደ ግማሽ አውርጂው፤ ተሠርቶ የሚወጣውን ቪዲዮ አይነካውም። ኤፌክት አታብዢ። አንዳንዱን ካርዱ አያውቀውም፤ ሜሞሪው ከሞላበትም ሥራውን ለዋናው አናጢ ጥሎ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ስትጨርሺ የመጨረሻውን ትምህርት ክፈቺና ምንም ሳትነኪ እዪው። ከዚያ ጻፊልኝ። ምስሉ አሁንም ይዘል እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ወንድሜ ሆይ፣

ተባረክ! ገመዱ የተሰካው አንተ እንዳልከው በተሳሳተው ቦታ ነበር። ፕሮግራሙም «በሶፍትዌር ብቻ» ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ይህን ያህል ጊዜ ከሥራ ፈት ረዳቶች ጋር ነው ለካ የኖርኩት። እንዳልከኝ አደረግኩ። አሁን ምስሉ አይቆምም፣ አይዘልም። ቀለሙን ስነካካው እንኳን ዝም ብሎ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ቆርጬ ጨርሻለሁ።

የመጨረሻዎቹ ላይ የማየው ነገር አለ፤ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ።

በል ደህና ሁን። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 17 ቀን

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አንቺም አሳጥረሽዋል። የአባባን ሰላምታ ሳትጽፊ ደብዳቤ ልከሽልኝ አታውቂም። ይህኛውን አላሳየሽውም ማለት ነው። እኔም የምጽፍልሽን እንዳታትሚው።

የማየው ነገር አለ ያልሽው ቀኝ እጁን ነው?

የላክሽልኝን የስልክ ቪዲዮ የመጀመሪያ ቀን ሳየው ልቤ ደነገጠ። ማሽን ሲዘል ሁሉን ነገር ይዞ ይዘላል፤ ለአንድ እጅ አያዳላም። የአባባ ግራ እጅ ቦታው ይደርሳል፣ ቀኙ ወደ ኋላ ይቀራል። ቢሆንም ከስክሪን ላይ በስልክ የተቀረጸ ነው፣ ምን ይታወቃል አልኩ። ያ ሁሉ ሳምንት ዝም ያልኩት ካርድ ጠፍቶ አይደለም። ልጠይቅሽ ፈራሁ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ድራይቨሩ ያን ሁሉ የዘበዘብኩትም ማሽኑ ነው ብለሽ እንድትጽፊልኝ ነው። በሕይወቴ የኮምፒውተር ብልሽት እንዲህ ተመኝቼ አላውቅም።

እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 6 ቀን

ለወንድሜ፣

ፈጣሪ ልብህን ያጽናልህ። አስቀድሜ የምነግርህ፣ አባትህ በእግራቸው ቆመው እየሠሩ ነው፤ ትናንትም የጎረቤትን በር አስተካክለዋል። ይህን ደብዳቤም ያነቡታል። ከእንግዲህ ተደብቆ የሚጻፍ ነገር እንዳይኖር ተስማምተናል።

ፕሪቪው የተስተካከለ ዕለት ደስ ብሎኝ የመጨረሻውን ትምህርት ከፈትኩ። መጋዙ ይሄዳል፣ ሰጋቱራው ይወድቃል፣ ከኋላቸው የመስኮቱ መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ሁሉም እንደ ውሃ ይፈሳል። የጋሼ ቀኝ እጅ ግን ይቆማል። ሴቲንጉን ደግሜ አየሁ። ጥራቱን አወረድኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። መጋረጃው መወዛወዙን አልተወም፣ እጃቸውም መቆሙን አልተወም። ያኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ትምህርትና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። በመጀመሪያው ላይ «ትልቅ ጣውላ» ሲሉ ክንዳቸው ከካሜራው ይወጣል፤ ተቆጥቼ «ጋሼ፣ ጠበብ ያድርጉት» ማለቴ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻው ላይ ያው ቃል ደረታቸው ላይ ያልቃል። ምልክታቸው ሁሉ አንሷል። በየሳምንቱ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እየቀረጽኩ እኔ አላየሁም።

ለአንተ ምን ብዬ እንደምጽፍ ቀናት አሰብኩ። ደብዳቤህ ሲመጣ ግን መሸሻ አጣሁ፤ ወደ ሥራ ክፍሌ ጠርቼ ሁለቱንም አሳየኋቸው። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ» አሉ። «ሸሚዜን የምቆልፈው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማሽኑን ስትሰድቢው ደስ አለኝ። ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።»

እንግዲህ አስበው፤ ሦስታችንም አንድ ኮምፒውተር ላይ አላከክን።

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ መልካም ሰው ነው፤ ግን የሚያወራው ለእኔ፣ የሚያክመው እሳቸውን። ጋሼ ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ አድርገው ወደ ራሳቸው አመለከቱ። ከዚያ በኋላ እያያቸው ሲናገር እኔ እተረጉም ጀመር። ጣታቸውን ከአውራ ጣታቸው ጋር ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጥሙ አዘዛቸው፣ አስሄዳቸው፣ ክንዳቸውን ዘረጋና አጠፈ። ሕመሙ ከአንጎል የሚመጣ፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገይ ነው አለ። አይጠፋም፤ መድኃኒቱ ግን ያቀለዋል። «ወደፊት ድምፅዎም ሊቀንስ ይችላል» ሲላቸው ጋሼ ሳቁ። «ድሮም የለኝም በይው» አሉኝ። ተርጉሜ ስጨርስ ሐኪሙ መሳቅም መደንገጥም አቃተው።

እኔ ግን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህንንም ያነቡታል። ያንብቡት።

እህትህ


ጥር 14 ቀን

ለእትዬ፣ ለአባባም፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። አባባ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰድ። «አውቃለሁ» እንዳትለኝ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እትዬ፣ አሁን ካርዱ እየሠራ ስለሆነ ማሽንሽ ብዙ ይችላል። የመጨረሻዎቹን ትምህርቶች በጥቂቱ አፍጥኚያቸው። እጁ የሚቆምበትን ቦታ እየቆረጥሽ፣ መገጣጠሚያው እንዳይታወቅ በሌላ ምስል ሸፍኚው። በፕሪቪው ላይ ወዲያው ስለምታዪው አይከብድሽም። ልጆቹ አባባን እንደ ድሮው ያዩታል። ማንም አያውቅም።

ስለ መምጣቴ እያሰብኩበት ነው። ሥራው ትንሽ ያዝ አድርጎኛል።

ወንድምሽ


የካቲት 20 ቀን

ወንድሜ፣

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ይህን ስል ደግሞ የምሬን ነው። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ይይዛቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ።

ሐሳብህን ሞከርኩት። ቆረጥኩ፣ አፈጠንኩ፣ ሸፈንኩ፤ እንከን የለውም። ልብ በል፣ ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ለማየት ግማሽ ቀን ሬንደር እስኪያደርግ፣ ምስሉን ሠርቶ እስኪያወጣ፣ እጠብቅ ነበር። ኮርቼ ጋሼን ጠራኋቸው።

አይተው ሲጨርሱ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ እንዲህ አልቸኩልም። ጣውላው ላይ እጄን አሳርፌ የማቆመው ለልጆቹ ነው፤ እንዲያዩት። አንቺ ሕመሜን እቆርጣለሁ ብለሽ ትምህርቱን ቆረጥሽው።» ቆይተው ደግሞ፣ «የትኛው ሕመሜ፣ የትኛው ትዕግሥቴ እንደሆነ በምን ለየሽው?» አሉኝ።

አንተም የምትለየው አይመስለኝም። ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት። ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ትምህርቶች እጃቸው በደንብ እንዲታይ ምስሉን አቀረብኩት።

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለልጆቹ አሳየን። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ተደግፈው እየተነካኩ፣ እየሳቁ ነው ያዩት። ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ የጋሼ ምልክት እያነሰ ሲሄድ፣ ከፊት ያሉት ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ። ቀጥሎ ከኋላቸው ያሉት ሳቡ። የወንበሩን ጩኸት የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሲያልቅ አንዲት ልጅ ተነስታ ጋሼን፣ «መጨረሻ ላይ ለምንድን ነው የሚያንሾካሹኩት?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህራኑ ተደናገጡ። ጋሼ ግን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዝ አድርገው ለቀቁና፣ «እጄ ታሟል። ከእንግዲህ የምናገረው ቅርብ ለሚቀመጥ ነው» አሏት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አለቀ። እኛ ሦስታችን ወራት የፈጀንበትን እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ዙር እንድንሠራ ጠይቆናል፤ ጋሼም እሺ ብለዋል። «ጠዋት ብቻ» ብለው ተደራደሩ።

እሳቸው ስለ መምጣትህ መጠየቅ ትተዋል። ያ ነው ያሳሰበኝ። ስለዚህ ዛሬ የምጠይቅህ እኔ ነኝ፤ ካርድ አልፈልግም፣ ምክርም አልፈልግም። ና።

እህትህ


ሚያዝያ 2 ቀን

እትዬ፣

አለቃዬን አነጋገርኩ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቶኛል። «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «አባቴ ማንሾካሾክ ጀምሯል» አልኩት፤ ግራ ገብቶት ፈረመልኝ።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። እጆቼ ቋንቋውን ረስተዋል። መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ግማሹ ቃል አይመጣልኝም። ለአባባ አስቀድመሽ ንገሪው።

ወንድምሽ


ሰኔ 11 ቀን

ለእትዬ፣ ካለሽበት፤

ለሥራ የወጣሽበት ከተማ እንዴት ይዞሻል? እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ቀረጻሽን እንደወደደው ሰምተን ኮራን። በርቺ፤ የሄድሽበት ይቃናልሽ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ ከዚህ ቤት ወደ አንቺ ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት፤ ተራው ተገለባበጠ።

ሥራ ክፍልሽን አልበጠበጥኩም። ማለቴ፣ ብዙ አልበጠበጥኩም። ጠዋት ጠዋት እኔ እቀርጻለሁ፤ አባባ ሲደክመው ሶፋሽ ላይ ጋደም ይላል፣ እኔ ኮምፒውተርሽ ላይ እቆርጣለሁ። እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ዞር ስል ስክሪኑን እያየ አገኘዋለሁ። ትናንት ትከሻዬን ነካ አደረገና «እዚህ ጋ ቃሌን ሳልጨርስ ቆረጥከኝ» አለኝ። ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እውነቱን ነው፤ ትንሿ ጣቱ ገና እየተናገረች ነበር። ምስሉ ባይፈስ ኖሮ አላያትም ነበር። እኔ የኮምፒውተር ሰው ሆኜ ካርዱ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ትናንት ነው ብልሽ ታምኛለሽ?

ቋንቋው ቀስ እያለ እየተመለሰልኝ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስንተያይ፣ ስንስቅ፣ ስንተያይ ነው የከረምነው። ፈቃዴ እስከ መስከረም ተራዝሟል። ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አልወሰንኩም፤ አባባም አልጠየቀኝም። መድኃኒቱ እንደ በፊቱ ረጅም ሰዓት አይዘውም። ይህን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረንበታል፤ መጠኑን አስተካክሎለታል።

ዛሬ ከሰዓት አንድ ሰውዬ የሰበረውን ወንበር ይዞ መጣ። አባባ ደክሞት ተቀምጦ ነበር። ወንበሩን ገልብጦ አየው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጉልበቱ ላይ በጣቶቹ አንድ ነገር አለ። አልገባኝም። «ምን አልክ?» አልኩት። ደገመው። አሁንም አልገባኝም። ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ አባባን ያያል። አፈርኩ፤ ሰውዬው በአባባ ያፈርኩ እንዳይመስለውም ፈራሁ። እጁን ከፍ እንዲያደርግ ልጠይቀው ነበር።

አባባ ክንዴን ያዘና ሳበኝ። አጎንብሼ፣ ፊቴ ጉልበቱ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ሳበኝ። ከዚያ ያንኑ ቃል፣ በዚያው መጠን፣ ሳይቸኩል ደገመልኝ።

ቀና ብዬ ለሰውዬው፣ «አርብ ይምጡና ይውሰዱ ብሏል» አልኩት።

ወንድምሽ